የመሪጌታ ላቀው ኮሶ

ከጓሮዬ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አንዲት የኮሶ ዛፍ ነበረችኝ። ባሌ በሕይወት ሳለ የተከላት ናት። አበባዋ ቀይ ነው፤ ሲደርስ እንደ ፈረስ ጭራ እየተንዠረገገ ይወርዳል። እኔ እቆርጥና በጥላ አደርቀዋለሁ፣ አፉ በተሸረፈ ቅል አስቀምጠዋለሁ፣ የፈለገ ጎረቤት እየመጣ ይወስዳል። በአገራችን ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። በጠጣ ቀን በሩን ዘግቶ ይውላል። ያን በር ማንም አያንኳኳም፤ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል፣ ዳኛ ቢጠራው እንኳ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ቀጠሮው ይተላለፍለታል። የምጽፈው የወንድሜን የመሪጌታ ላቀውን ነገር ነው፤ ነገር ግን ከዚህች ዛፍ ካልጀመርኩ የሚሆንልኝ አልመሰለኝም።

ላቀው በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ፊት ለፊት «ያያ» እና «እርስዎ» ነበር የምለው፤ አሁን ስጽፍ ግን ወንድሜ ነውና «እሱ» እላለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ፣ ቅኔውንም አቋቋሙንም ከየአገሩ ለቃቅሞ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ተመለሰና የዝግባ ሜዳ ቅዱስ ሚካኤል መሪጌታ ሆነ። ዝግባ ሜዳ ከቡሬ የሦስት ሰዓት፣ ከፍኖተ ሰላም የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከመሪነቱ ጋር መሬት ተሰጠው፤ ከወንዙ ዳር ያለ፣ ጤፍም በርበሬም የማይነፍግ ጥቁር መሬት። መሬቱ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ያገለገለ ያርሰዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎቱን ያስታጎለ ሰው ለሚተካው ለቆ ይወጣል።

ረጅም ሰው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፎ እየቆመ ከመዝመሙ የተነሣ ግራ ትከሻው ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ጥምጥሙን ሲጠመጥም ሰባት ዙር ቆጥሮ ነው፤ ስድስት ከሆነበት ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ድምፁን ለመስማት ከሌላ አጥቢያ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ።

ሚስቱ እማዋይሽ የቡሬ አካባቢ ልጅ ናት። ሁለት ልጆች በአራስነታቸው ሞቱባቸው፤ ሦስተኛዋ እህተ ማርያም አደገች። ላቀው ለሷ የማያደርግላት ነገር አልነበረም። ከቀርከሃ ቆርጦ፣ ጫፉን በንብ ሰም አሽቶ፣ ከቁመቷ ጋር ልክ የሆነች ትንሽ መቋሚያ ሠርቶላት ነበር። ሴት ልጅ መቋሚያ ምን ያደርግላታል ብለው ደብተራዎቹ ሲስቁበት፣ እሱም ይስቅና ልጄ ከእናንተ ትበልጣለች፣ ቢያንስ ዜማውን አታጎትትም ይላቸው ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ለጥር ማርያም ቡሬ ተጠርቶ ሄደ። እሱ በሄደ በማግስቱ ልጅቷ ኩፍኝ ያዛት። እማዋይሽ ቅዳሜ ሰው ላከችበት። በዓሉ ሰኞ ስለነበር፣ ኩፍኝ ነው፣ ወጥቶ ያልፍላታል፣ በዓሉን ላድርስና ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ መለሰላት። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል እህተ ማርያም ሞተች። በዚያው ቀን ቀበርናት። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የበቅሎው ቃጭል ሲሰማ ሁላችንም ደጅ ቆመን ነበር። ከበቅሎው ሲወርድ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር በእጁ ይዟል። አይቶን፣ የእማዋይሽን ፊት አይቶ፣ ስኳሩን ለኔ ሰጠኝና በቅሎውን ራሱ አራገፈ።

አላለቀሰም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሚያጽናናው እሱ ነበር። በሰባተኛው ቀን እንዲያውም አንድ ቀልድ ተናግሮ ሰው አሳቀ። መጽሐፍ ያወቀ ሰው እንዲህ ነው ተባለ። እኔም ብያለሁ። ወንድሜ እንዴት ጠንካራ ነው ብዬ ኮርቼበታለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ከሁሉ በፊት የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ የልጅቷን ስም አንድም ቀን ሲጠራ አልሰማሁም። እማዋይሽ ስሟን ካነሣች ተነሥቶ ይወጣል፤ ወይም ስለ ዝናብ ያወራል። ትንሿ መቋሚያም ከግድግዳው ጠፋች፤ የት እንደገባች ማንም አልጠየቀም። ሌላው ለውጥ መንገድ ነው። ቡሬ መሄድ ተወ። ድልድዩን አላምነውም አለ፤ በድልድዩ ላይ የጭነት መኪና ያልፍበታል። የቡሬ ጨው አፈር አለበት አለ። ቀጥሎ የቡሬ ገበያተኛ ሌባ ነው አለ። ስለዚህ ጨውም ሆነ ጨርቅ ለመግዛት የስድስት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ፍኖተ ሰላም መሄድ ጀመረ። እኛም ሳናስበው የፍኖተ ሰላም ጨው ይሻላል ማለት ጀመርን፤ እኔ ራሴ ለጎረቤት ተናግሬያለሁ።

እንዲህ ያለ መንገድ የሄደ ሰው እዚያው ያድራል። ፍኖተ ሰላም ደግሞ ከመኪናው መንገድ ዳርና ዳር አረቄ ቤቶች ነበሩ።

መጀመሪያ ያመጣው የሆድ ነገር ነው። ሆዴን ይበላኛል፣ ኮሶ ነው አለ። እኔም ወቅጬ ሰጠሁት። ጠጣ፣ ቀኑን ሙሉ ተቸገረ፣ ምንም ትል አልወጣም። ተደብቆ ነው አለ። ሁለተኛ ጠጣ፤ አሁንም የለም። ጭንቅላቱ ከአንጀቴ ጋር ተጣብቋል፣ አረቄ ነው የሚያላቅቀው አለና አንድ መለኪያ ጠዋት፣ አንድ መለኪያ ማታ ይጠጣ ጀመር። በኋላ ለጉሮሮው ሆነ፤ ድምፅ ያጠራል። በኋላ ደግሞ ለብርድ ሆነ። የሚናገረው ሁሉ ለብቻው ሲሰማ እውነት ይመስላል፤ አንዳንዱ እውነትም ነው። አጥቢያችን ውስጥ አረቄ የምታወጣው መበለቷ እናኑ፣ ደግ ሴት፣ አንድ ቀን ለሱ አልሸጥም አለች። ለእማዋይሽ ጥርስ ሕመም ነው ብሏት ወሰደ። እናኑ በማግስቱ ጥርስሽን እንዴት አደረሽ ብላ ስትጠይቃት፣ እማዋይሽ፣ ተሻለኝ አለች።

ሲጠጣ አይጮኽም፣ አይደባደብም። እንዲያውም ዝም ይላል። ግን የራሱን መጠጥ በሰው ላይ ማየት ጀመረ። እማዋይሽ ጠላ ስትቀምስ፣ የምትጠጪው በዛ ይላታል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቱን ደብተራ ገብረ ሕይወትን በሰው ፊት አቆመና አረቄ አረቄ ትሸታለህ፣ በዚህ አፍህ ነው ሚካኤልን የምታመሰግነው ብሎ ገሠጸው። ገብረ ሕይወት በሁዳዴ ቅበላ ካልሆነ የማይጠጣ ልጅ ነው። ሽታው የማን እንደሆነ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ገብረ ሕይወት ግን ቀና ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ፣ ነፋሱ ከእርስዎ ወደኔ ነው የሚነፍሰው» አለ። ወንድሜ እንዳልሰማ ሆኖ መቋሚያውን አንሥቶ ሄደ። በዚያች ሌሊት ዳዊት ሦስት ጊዜ እንደ ደገመ እማዋይሽ ነግራኛለች። ከጠጣ በኋላ ሁልጊዜ እንዲያ ነው፤ ዳዊት ይደግማል፣ ሲነጋ ቤቱን ራሱ ይጠርጋል፣ ለሷ ውሃ ያሞቅላታል፣ እስከ ማታ ድረስ ከሱ የተሻለ ባል የለም።

በ1955 ክረምት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እሑድን አስታጎለ። በሚቀጥለው ሳምንትም ቀረ። እማዋይሽ በጭቃ እየተንሸራተተች እኔ ቤት መጣች። የነጠላዋን ጫፍ እያጣመመች፣ አንድ እሑድ ከጨመረ መሬቱ እንደሚሄድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ገበዙ ቄስ ወልደ ዮሐንስም ነገ ሰው እንደሚልኩ ነገረችኝ። መሬቱ ከሄደ የምንገባበት የለንም አለች። እኔ ሰው ፊት አፌ የማይፈታ ሴት ነኝ፤ ምክር የምሰጥም ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ግን ተናገርኩ።

«ኮሶ ጠጥቷል በያቸው» አልኳት።

«በሚካኤል ስም ከጠየቁኝስ? በሚካኤል ልዋሽ?»

ያን ጊዜ ነው ተነሥቼ ቅሉን ያወረድኩት። አንድ እፍኝ ሰፍሬ በጨርቅ ቋጠርኩላት። «ስጪውና በያቸው። ያን ጊዜ ውሸት አይደለም» አልኩ።

ሰጠችው። ለምን ብሎ አልጠየቀም አለችኝ። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ጸበል አማትቦበት፣ አንድ ጊዜ ሳያርፍ ጨለጠው። የገበዙ መልእክተኛ መጣ፣ ጠየቀ፣ እማዋይሽ በሚካኤል ስም ማለች፣ ሰውየውም ይሻርለት ብሎ ሄደ። ይሻርለት የሚባለው ኮሶው ሠርቶ ትሉን እንዲያወጣለት ነው። ከሰዓት በኋላ እኔ ስደርስ ወንድሜ መደቡ ላይ ተኝቶ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ፈገግ አለልኝና በስሜ ጠርቶኝ፣ «አየሽ አልጣሽ፣ ኮሶ ነው ስላችሁ» አለኝ። ኮሶ ከሻረ በኋላ ደግሞ በልማዳችን አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ለሆድ ይሰጣል። እማዋይሽ ቀዳችለት። እንዴት ትከለክለው?

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነን ኖርን። ይጠጣል፣ በማግስቱ መነሣት ያቅተዋል፣ እማዋይሽ ኮሶ ትሰጠዋለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ ለኮሶው ተብሎ ይቀዳለታል። በየሁለት ወሩ የሚጠጣው በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። ቅሌ ባዶ እየሆነብኝ ከሌላ ቀበሌ አስመጣሁ። ያን ያህል ኮሶ አንድ ሰው እንደማይጠጣ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ስወቅጥ ግን ስለ ሌላ ነገር አስብ ነበር፤ ስለ ዶሮዎቼ፣ ስለ አጥሩ። እማዋይሽም እንደዚያው ነበረች። አንድ ቀን ብቻ ጎኑን ስታጥበው የጎድን አጥንቱን በጣቷ እንደ ቆጠረች ነግራኝ ወዲያው ስለ በርበሬው ጀመረች።

ሰው ግን ያወራል። ወፍጮ ላይ ሴቶቹ የመሪጌታ ኮሶ እንደ ሰንበት በየሳምንቱ ይመጣል ይላሉ። ገብረ ሕይወትም መሪጌታን የያዛቸው ትል ሳይሆን ዘንዶ መሆን አለበት፣ ጦር የያዘ ሰው እንላክላቸው ብሏል አሉ። እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ። እኔም እንዳልሰማሁ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

በ1956 የፋሲካ ማግስት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ራሳቸው መጡ። ገበዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ሲናገሩ በቀጥታ አይደለም። ደጃፉ ላይ ቆመው ስለ በሬዎቻቸው ብዙ አወሩ። ከዚያ አንድ በሬ አለኝ፣ እግሩን ያነክሳል፣ እኛ ቀንበሩን እናስተካክላለን፣ እሾሁ ግን ከእግሩ ውስጥ ነው አሉ። ቀጥለው ፍኖተ ሰላም ክሊኒክ ከመጣው ድሬሰር ዘንድ መሪጌታን ውሰዷቸው አሉንና ባርከውን ሄዱ። እማዋይሽ ሥራ አላት፤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ድሬሰሩ ዓለምብርሃን የሚባል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ጥፍሩ እንደ ሴት የጸዳ ሰው ነበር። ሰገራውን በአጉሊ መነጽር መሣሪያ አየ፤ ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ወንድሜ አስጠግቶ፣ «መሪጌታ፣ ሆድዎ ውስጥ አንድም ትል የለም። ለጉበትዎ ግን እፈራለሁ። ኮሶውንም አረቄውንም ይተዉ» አለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ኀዘን አለብዎ?» ብሎ ጠየቀው።

ወንድሜ ሳቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ኀዘን አለብኝ አለ። ከበሩ እንደወጣን ግን ተለወጠ። ይህ ሰው ራሱ ጠጥቷል፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አላየሽም አለኝ። እጁ የተንቀጠቀጠው የማን እንደሆነ አይቻለሁ። አዎ ያያ አልኩት።

ስንመለስ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስን። አንዱ ወደ ቡሬ ይሄዳል፣ አንዱ ወደኛ ይታጠፋል። እዚያ ላይ ድንጋይ አለ። ሁልጊዜ ያን ቦታ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚያልፈው፤ የዚያን ቀን ግን ደክሞት ተቀመጠ። የቡሬን መንገድ ረጅም ጊዜ አየው። ከሩቅ አንድ ነጋዴ በቅሎ እየነዳ ይመጣል፣ ቃጭሉ ይሰማል።

«አልጣሽ» አለኝ።

«አቤት ያያ።»

«ያን ጊዜ… እህተ ማርያም ጠይቃኝ ነበር?»

ከሁለት ዓመት በላይ ስሟ ከአፉ አልወጣም ነበር። እኔም ቁጭ አልኩ። ጠይቃዋለች። ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጠይቃዋለች። ደጅ የከብት ቃጭል በተሰማ ቁጥር ዓይኗን ገልጣ «የአባዬ በቅሎ ነው?» ትል ነበር። ትንሿን መቋሚያ አልጋው ላይ አጠገቧ አስተኝታት ነበር፤ ሲመጣ ይቆጣኛል፣ እንዳትወድቅ ያዢልኝ ብላኝ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ እንደ ሕፃን ከንፈር ተንቀጥቅጧል። ብነግረው የሚሞት መሰለኝ።

«የለም ያያ» አልኩት። «አልጠየቀችም። ትኩሳቱ አእምሮዋን ወስዶት ነበር፤ ምንም ሳታውቅ ነው ያለፈች።»

ነጋዴው ደረሰ፣ ሰላምታ ሰጠን፣ አለፈ። ወንድሜ ቃጭሉ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠ። ከዚያ «ደግ» አለና ተነሣ፣ ጋቢውን አራገፈ፣ ሆዴን ቆረጠኝ አለ። ከመንገዱ ዳር ከነበረችው ቤት ገብቶ ጠጣ። ደጅ ቆሜ ጠበቅኩት። ለሱ ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እላለሁ፤ በሩን በትንሹ ከፍቶ ነበር፣ መልሼ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በ1957 መስከረም ላይ ቄስ ወልደ ዮሐንስ በዘወርዋራ መናገሩን ተዉት። ለኅዳር ሚካኤል ማኅሌቱን ቆሞ ከመራ መሬቱ ይጸናለታል፤ ካልቆመ መሪነቱም መሬቱም ለገብረ ሕይወት ይሆናል፣ ካህናቱ ተስማምተዋል አሉ። ወንድሜ እቆማለሁ ብሎ በመስቀላቸው ማለ።

ጥቅምት ካለቀ ጀምሮ ተወ። ከኅዳር አንድ እስከ ዘጠኝ አንድ መለኪያ አልቀመሰም። ያን ዘጠኝ ቀን አልረሳውም። ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ጋቢውን ያርሰዋል፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል ይላል፤ ጉንዳን የለም። ከሰዓት ከሰዓት ግን ተቀምጦ ለራሱ ዜማውን ሲያዜም ድምፁ ተመልሶ ነበር። እማዋይሽ የበዓል ቀሚሱን አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣች። ይህን ጊዜ ሁለታችንም ተስፋ አድርገን ነበር ማለት እችላለሁ። አሥረኛው ቀን ላይ እማዋይሽ ውሃ ወርዳ ስትመለስ ከጎታው ኋላ ቆሞ አገኘችው። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። 

በአሥራ አንደኛው ቀን ሊነጋ ሲል ደጄን አንኳኳ። ብቻውን ነው፤ መቋሚያውን ተደግፏል። ጥምጥሙን አየሁ፣ ዙሩ ተዛብቷል። አረቄውን ከሰውነቴ ላውጣውና ዛሬ ሌሊት ንጹሕ ሆኜ ልቁም፣ ኮሶ ስጪኝ፣ በርከት አድርጊው አለኝ። በጥቅምት የለቀምኩት ገና ትኩስ ነበር፤ ትኩስ ኮሶ እንደሚበረታ አውቃለሁ። ሁለት እፍኝ ወቀጥኩ። እፊቴ ጠጣው። ኩባያውን ሲመልስልኝ እጄን ትንሽ ያዝ አድርጎ ለቀቀኝና ወደ ቤቱ ሄደ።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ እማዋይሽ ሮጣ መጣች። ያስታውከዋል፣ ደም አለበት፣ ዓይኔ አላይ አለኝ ይላል አለች። እየሮጥን፣ «ኮሶው በረታበት መሰለኝ» አልኳት።

ቆመች። «ኮሶ እንደሰጠሁት በምን አወቅሽ?»

«የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማለዳ መጥቶ።»

«እኔም ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ከውጭ እንደገባ። አንድ እፍኝ። ምንም አላለኝም፣ አማትቦ ጠጣው።»

መንገዱ መሐል ቆመን ተያየን። ሦስት እፍኝ። ለምን ለሷ ጠጥቻለሁ አላላትም? ይህን ዛሬም ድረስ አላውቅም። አስቦበት ይሆን፣ ወይስ የሚሰጡትን ሁሉ መቀበል ልማድ ሆኖበት? እማዋይሽም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ደብተራዎቹ ከደጀ ሰላሙ ተሰብስበው ከበሮ ያጠብቃሉ። እኔ ወንዶች በተሰበሰቡበት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ከሴቶቹ በር አጠገብ ቆሜ፣ ከነጠላዬ ውስጥ፣ መሪጌታ ኮሶ ጠጥተው ታመዋል አልኩ። ገብረ ሕይወት ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «የመሪጌታ ትል በዓል እንኳ አያውቅም» አለ። ሳቁ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው እንግዲህ እግዚአብሔር ይሻርለት አሉና ገቡ። ሰው እየሞተ ነው፣ ድረሱልኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም። ከዓመት በላይ በዚያችው ቃል ስንዋሽባት ኖረን፣ እውነት የሆነች ቀን የሚያምናት ጠፋ። የቤታቸውንም በር ማንም አላንኳኳም፤ ኮሶ የጠጣ ሰው በር ስለሆነ።

በበዓሉ ቀን ታቦቱ ሲወጣ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ወንድሜ መደቡ ላይ ተኝቶ በሩን ክፈቱት፣ ጨለመኝ ይላል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይ እግሩ ላይ ነበረች። ከበሮው ሲጀምር የቀኝ እጁ ጣት በመደቡ ላይ መምታት ጀመረ። እየመታ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ግንባሩን ቋጠረ። «አዘገዩት» አለ። ከዚያ እንደ ደኅና ሰው ድምፁን አጥርቶ፣ «እማዋይሽ፣ በቅሎውን ጫኝልኝ። በዓሉን ሳላደርስ እሄዳለሁ» አለ።

እማዋይሽ እግሩን ይዛ፣ «ተጭኗል» አለችው።

እኔ ራስጌው ነበርኩ። አሁን ልንገረው፣ ጠይቃህ ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቃህ ነበር ልበለው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ትንፋሹ ጆሮዬን ነካኝ። አልኩት ወይስ ሳልለው ቀረሁ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አላልኩትም። ታቦቱ ሳይገባ ሞተ።

በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ምን አገኘው ብሎ ይጠይቃል። ኮሶ ነው አልን። ኮሶ ነው፣ ስንቱን ገደለ፣ ነፍሱን ይማረው አሉ። ገብረ ሕይወት ከሁሉ ይበልጥ አለቀሰ። መሬቱን ግን ተረከበ፤ ሕጉ ነው፣ አልቀየምኩትም። እማዋይሽ ወደ ወላጆቿ አገር ልትመለስ ዕቃ ስታወጣ ጎታውን ገፋነው። ከኋላው ጠርሙስ ነበር፣ በጨርቅ የተወተፈ። ከጠርሙሱ ጎን ግድግዳውን ተደግፋ ያቺ የቀርከሃ መቋሚያ ቆማለች። የተያዘችበት ቦታ ላይ ቀርከሃው አብረቅርቋል፤ እንዲያ የሚያበራው ብዙ ጊዜ እጅ ሲነካው ነው። እማዋይሽ አንሥታ ከዕቃዋ ጋር አሰረቻት። ጠርሙሱን እኔ ወስጄ ወንዝ ጣልኩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቡሬ ገበያ ላይ ተገናኘን። ጠጉሯ ሸብቷል። በርበሬ ትሸጥ ነበር። ተሳሳምን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ በርበሬው እንዳይሻግት እንዴት እንደምታሰጣው በዝርዝር ነገረችኝ። ስለ ሦስቱ እፍኝ አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም። ልሄድ ስነሣ፣ ከስተሻል፣ ደኅና ነሽ ወይ አለችኝ።

«ሆዴን ትንሽ ይበላኛል እንጂ ደኅና ነኝ» አልኳት።

የበርበሬውን ጆንያ እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «ኮሶ ይሆናል» አለችኝ።